ቀዳዳ የሌለው መረብ

«የተከበራችሁ የታሪካዊው መንደራችን ነዋሪዎች! ዛሬ ጠዋት ወደ ሐይቁ የሚጣለው መረብ ቀዳዳ የሌለው እንዲሆን ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወስኗል!»

ሊቀመንበሩ ይህን በድምፅ ማጉያ ካወጁ በኋላ ውሳኔው ወደ ሕዝቡ ልብ ይወርድ ዘንድ ማጉያውን ዝቅ አደረጉ። ከሕዝቡ ግማሹ ገና ከአልጋው አልወረደም። የቀረው የጥርስ ብሩሹን በአፉ እንደያዘ ደጁ ላይ ቆሞ አጨበጨበ።

«እናንተማ ወሰናችሁ» አለች ፀጉር ሠሪዋ ከደጃፏ ሳትነሳ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «የሚደማው የኔ ጣት ነው።»

መረቡ ጉልበቷ ላይ ተዘርግቷል። ጎህ ሳይቀድ ነው የጀመረችው። ቀዳዳው ጥጃ ከነእናቱ የሚያሳልፍ ስለነበር አሁን ገና ጫፍና ጫፉ መገናኘቱ ነው። ይህን ቀዳዳ የምታውቀውን ያህል የገዛ መዳፏን አታውቀውም፤ የቀደደችው ራሷ ናትና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎብኚ ይመጣል። ጠዋት ባሏ በጀልባ ወጥቶ መረቡን ከነቀዳዳው ይጥልና ያወጣል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እሷ ዳርቻው ላይ በርጩማ አስጠግታ «ትልቅ ዓሣ የቀደደውን» መረብ ስትጠግን ትውላለች። ጎብኚዎቹ አንገታቸውን ዘመም አድርገው ፎቶ ያነሷታል። «ትዕግሥቷን አየህልኝ?» ይባባላሉ። አመሻሽ ላይ የመጨረሻው መኪና አቧራውን አስነሥቶ ሲሄድ የፀጉር መቀሷን ታወጣና የሰፋችውን ሁሉ መልሳ ትተረትረዋለች። ያልተቀደደ መረብ ምኑ ይጠገናል?

ዛሬ ግን የሚመጡት ተራ ጎብኚዎች አይደሉም። ከቅርስ መሥሪያ ቤት የተላኩ መርማሪዎች ናቸው። ቀዳዳ ደግሞ በኮሚቴው አስተያየት «ድህነት ድህነት ይሸታል።»

መንደሩን ለማያውቅ ሰው፣ ውበቱ ከሩቅ የሚታይ ዓይነት ነው። ሐይቁ ሰማያዊ፣ ቤቶቹ ነጭ፣ ጀልባዎቹ ቀይና ቢጫ። ጠጋ ሲሉ ነጩ ኖራ ባለፈው ሳምንት የተቀባ፣ ጀልባዎቹም ከአንዷ በቀር ታችኛው ወለላቸው የበሰበሰ መሆኑ ይታያል። ታሪኩም እንደዚያው ነው። ሊቀመንበሩ ለእንግዳ ሲናገሩ፣ ከሰባት መቶ ዓመት በፊት አንድ ዓሣ አጥማጅ ከማዕበል አምልጦ እዚህ ዳርቻ አረፈና መንደሩን ቆረቆረ ይላሉ። ዓምና አምስት መቶ ዓመት ነበር። በዚህ አያያዝ መንደሩ በዓመት ሁለት መቶ ዓመት ያረጃል።

እውነቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ማንም አያወራውም። ቦታው የመንገድ ሥራ ድርጅት ካምፕ ነበር። መንገዱ አልቆ ድርጅቱ ማሽኖቹን ጭኖ ሲሄድ ዘበኞች፣ ምግብ አብሳዮችና ከሥራ የተቀነሱ ሾፌሮች መሄጃ አጥተው ቀሩ። ሊቀመንበሩ የድርጅቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበሩ። ድምፅ ማጉያውም የድርጅቱ ነው፤ ሲሄድ ረስቶት ይሁን ሊቀመንበሩ አስረስተውት አይታወቅም።

ፀጉር ሠሪዋና ባሏ ኋላ ነው የመጡት፣ ቦታ በነፃ ይገኛል ሲባል። እሷ በከተማ የነበራትን ሁለት ወንበር፣ መስታወትና የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ሸጣ ይህን ቤት ሠራችበት። ብሎኬቱን በጀርባዋ ተሸክማለች። ጣሪያው ሲመታ ምስማር አቀብላለች። ታዲያ በቀደም የማዘጋጃ ቤት ሰዎች መጥተው በዳርቻው ባሉት ቤቶች ግድግዳ ሁሉ ላይ በቀይ ቀለም የመስቀለኛ ምልክት አድርገው ሄዱ። ይፈርሳል ማለት ነው። መንደሩ «ታሪካዊ» ተብሎ ከተመዘገበ ግን የሚነካው የለም። ሰባት መቶ ዓመት የኖረ ነገር በዶዘር አይገፋም።

ሊቀመንበሩ ለቀዩ ምልክት መላ አበጁለት። በየቤቱ፣ ከበሩ በስተግራ፣ ልክ ምልክቱ ላይ ቁራጭ መረብ ተሰቀለ። ለጠየቀ «የጥንት ልማዳችን ነው» ይባላል።

«አንቺ፣ ፂሜ እንዴት ነው?»

ባሏ ነው። ከውስጥ ሲወጣ ኮፍያውን ደፍቶ፣ ባለ መስመር ካናቴራውን ለብሶ ነበር። መንደሩ «ካፒቴኑ» ይለዋል። ከዚህ በፊት የሚኒባስ ረዳት ነበር። ለካፒቴንነት የተመረጠው በድምፁ ነው፤ አፉን ከከፈተ የሐይቁ ማዶ ድረስ ይሰማል። ፂሙን ያሳደገው በኮሚቴው ትእዛዝ ነው። ከዚያ ወዲህ ያሳክከዋል፣ ሾርባ ይጠጣለታል፣ ሲተኛ ሚስቱን ይወጋል። እሷ ብዙ ጊዜ መቀሷን ይዛ ተነሥታ ነበር፤ ሊቀመንበሩ ግን «ፂሙ የጋራ ሀብት ነው፤ ያለ ኮሚቴው ውሳኔ አይነካም» ብለው አገዷት።

«ፂምህ እንደ ኮሚቴው ነው» አለችው። «ብዙ ነው፣ ሥራ የለውም።»

«ዛሬ እንኳ አፍሽን ሰብሰብ አድርጊው። ቤታችን ነው እኮ ጉዳዩ።»

«አውቃለሁ ጉዳዩ ቤታችን መሆኑን። ለዚህ አይደል ከሌሊት ጀምሬ የምሰፋው?»

«ነፋስ አለ እንዴ?» አለ፣ ወደ ሐይቁ ላለማየት ጣሪያውን እያየ።

«ካፒቴኑ አንተ፣ እኔን ትጠይቀኛለህ?»

«ዋና እንደማልችል ታውቂያለሽ።»

«የምትቀዝፍበት ቦታ ውኃው እስከ ጉልበትህ ነው፤ ልብስ የማጥብበት ነው።»

«ሰው በጉልበት ውኃም ይሞታል» አለ ካፒቴኑ፣ ቅር ብሎት። መረቡን ተሸክሞ ወደ ጀልባው ሄደ።

ጀልባው ውስጥ፣ ከወለሉ ጣውላ ሥር፣ የጠዋቱ ዓሣ በጆንያ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ዓሣውን የሚያመጣው የበረዶ መኪና ነው፤ ከየት እንደሚያመጣ አልተጠየቀም። ሐይቁ ሞቷል፣ ዓሣ የለውም። ይህ በመንደሩ የታወቀ ነው። ካፒቴኑ በየቅዳሜው ጥሎ አንድም ቀን ምንም አልያዘም። ስለዚህ ጀርባውን ለዳርቻው ይሰጥና ጆንያውን መረቡ ውስጥ ይገለብጣል። ከዚያ እየጮኸ ይጎትታል።

እንግዶቹ ፀሐዩ ሞቅ ሲል በሁለት መኪና መጡ። የቡድኑ መሪ ከመኪናው ሲወርድ በቅድሚያ ሆዱ ወረደ፣ ከዚያ አዲስ ቆዳ ጫማው፣ በመጨረሻ እሱ። ከኋላው አንዲት ወጣት ባለሙያ ስልኳን ዘርግታ ተከተለች። የሚነገራትን ሁሉ ትቀዳለች። የሚያስቅም ይሁን የሚያስለቅስ ፊቷ አይለወጥም።

ሊቀመንበሩ ከፊት ቀደሙ። መጀመሪያ ያሳዩት ድርጅቱ ትቶት የሄደውን የኮንክሪት ቱቦ ነው። አሁን ቀጥ ብሎ ቆሞ በኖራ ተለቅልቋል።

«ይህ እንግዲህ የጥንት አባቶቻችን ለመርከበኞች እሳት የሚያነዱበት የመብራት ማማ ነው።»

ባለሙያዋ ጎንበስ አለችና በቱቦው ጎን የታተመውን የፋብሪካ ቁጥር በጣቷ ዳሰሰችው። «ይሄስ?»

«ጥንታዊ ጽሑፍ ነው፤ እስካሁን አልተፈታም» አሉ ሊቀመንበሩ።

ፀጉር ሠሪዋ ከኋላ ሆና «ኤጭ!» አለች። አንድ የኮሚቴ አባል በክርኑ ጎሸም አደረጋት።

የቡድኑ መሪ በጸሎት ላይ እንዳለ ሰው አንገቱን እየነቀነቀ ተራመደ። ፀጉር ሠሪዋ ደጃፍ ሲደርስ ቆመ። «እዚህ መንደር ሁሉም ቤት ከበሩ በስተግራ መረብ ይሰቅላል?»

«የጥንት ልማዳችን ነው» አሉ ሊቀመንበሩ፣ ድምፃቸው ትንሽ ቀጥኖ።

ሰውዬው የመረቡን ጫፍ በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ ገለጠው። ቀዩ ምልክት ትኩስ ቁስል መስሎ ብቅ አለ። ሰውዬው አየው። አላየሁም ለማለት የማይቻልበትን ያህል ቆሞ አየው። ከዚያ መረቡን እንደነበረ መለሰና ጣቱን በመሐረቡ ጠረገ።

«ደስ የሚል ልማድ ነው» አለ። «አይጥፋ።»

ፀጉር ሠሪዋ ያቺን ደቂቃ ልታመሰግነው ይገባት ነበር። እሷ ግን የተሰማት፣ ደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያልከፈለበትን ሽቶ ሲቀባ ያየች ጊዜ የሚሰማት ነገር ነው። ይሄ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው የሚምረን?

በዚህ መሀል ከሐይቁ ጩኸት ተሰማ።

«ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ! የሞላ! የሞላ! አንድ የቀረው!»

ካፒቴኑ መረቡን መጣሉ ነበር።

«የጥንት መርከበኞች ዜማ ነው» አሉ ሊቀመንበሩ፣ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው። ባለሙያዋ ቀዳችው።

ካፒቴኑ ጀርባውን ሰጠና ጎንበስ አለ፤ ጆንያውን መገልበጡ ነው። ጥቂት ቆይቶ መጎተት ጀመረ። ጎተተና ቆመ። እንደገና ጎተተ። ጀልባዋ ወደ ጎን ተንጋደደች።

«እረ!» አለ። ዜማ አልነበረበትም። «እረ ያዘኝ! ከታች ሰው አለ! ሰው አለ እላችኋለሁ፣ እየጎተተኝ ነው!»

«ይህ ደግሞ…» አሉ ሊቀመንበሩ።

ካፒቴኑ ከጀልባው ወደቀ። እስከ ጉልበቱ ባለው ውኃ ውስጥ አንዴ ሰጠመ፣ ተነሣ፣ መረቡ ወገቡ ላይ እንደተጠመጠመ ወደ ዳርቻው ሮጠ። እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ሲሮጥ ያየው የለም፤ ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ካልሆነ በቀር። ከኋላው የሚጎተተው መረብ አሸዋው ላይ ደርሶ ተዘረጋ።

መረቡ ላይ የበረዶ መኪናው ዓሣዎች እንደ ፍልጥ እንጨት ድርቅ ብለው ተደርድረዋል። ሆዳቸው ላይ ያልሟሟው በረዶ በፀሐይ ያብለጨልጫል። በመካከላቸው ግን አንድ ክንድ የሚያህል ዓሣ ነበር፤ ጥቁር ጀርባው ላብ እንዳላበው ፈረስ የሚያበራ። ይዘላል። አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ደግሞ ይዘላል።

የዓሣ አጥማጆቹ መንደር ሕዝብ በሙሉ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ይነክሳል እንዴ?» አሉ ሊቀመንበሩ፣ ከባለሙያዋ ትከሻ በስተኋላ ሆነው።

«ስሙ ምን ይባላል?» አለች ባለሙያዋ፣ ስልኳን ወደ ካፒቴኑ ዘርግታ።

ካፒቴኑ ከፂሙ ውኃ እየተንጠባጠበ ትንሽ አሰበ። «ዓሣ» አለ።

«እንግዲህ ዓሣ አጥማጆቹ ያዙት እንጂ!» አለ የቡድኑ መሪ።

ዓሣ አጥማጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዱ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ጫማው ክር የለውም።

«ካፒቴን፣ ያዘው!» አሉ ሊቀመንበሩ።

«እኔ ጀልባ ነው የያዝኩት ጋሼ፤ ዓሣ አይመለከተኝም።»

ዓሣው በዚህ ጊዜ አንድ ከፍ ያለ ዝላይ ዘለለና የቡድኑ መሪ አዲስ ጫማ ላይ አረፈ። ሰውዬው ያሰማው ድምፅ ከዚያ ሁሉ ሆድ የሚወጣ አይመስልም ነበር። «ሾፌር! ሾፌር! የሚጠቀለልበት ነገር አምጣ! ቶሎ በል!»

ሾፌሩ ሮጠ። የመኪናውን የኋላ ክዳን ከፈተና ያገኘውን አንሶላ ሳብ አድርጎ አወጣ። አንሶላው አንድ ትልቅ ሰሌዳ የተሸፈነበት ነበር። ሰሌዳው አሁን ራቁቱን ቀረ። ሁሉም ሰው ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ፤ ማንበብ የሚችለው አነበበ፣ የማይችለው ሥዕሉን አየ።

«እንኳን ወደ ታሪካዊው የዓሣ አጥማጆች መንደር በደህና መጡ» ይላል። ከጽሑፉ ጎን ኮፍያ የደፋ ባለ ፂም ሰው አለ። ካፒቴኑ ነው፤ ቀለሙ ከደረቀ ሰንብቶ አቧራ ጠጥቷል።

ሊቀመንበሩ ሰሌዳውን አዩ። የቡድኑ መሪ በረዶ የለበሱትን ዓሣዎች አየ። ከዚያ ሁለቱ ተያዩ። እንደዚያ የተያዩት፣ ሁለት ሰዎች በጨለማ የሰው ጓሮ ውስጥ ሲጋጩ የሚተያዩትን ዓይነት ነው።

«ናሙና ነው» አለ የቡድኑ መሪ በመጨረሻ።

«የእኛም ይሄኛው… ናሙና ነው» አሉ ሊቀመንበሩ፣ ወደ በረዷሞቹ ዓሣዎች እያመለከቱ።

ቀጥለውም ማጨብጨብ ጀመሩ። ኮሚቴው አጨበጨበ። መንደሩ አጨበጨበ። ባለሙያዋ ፊቷ ሳይለወጥ ስልኳን ከብብቷ አድርጋ አጨበጨበች። በጭብጨባው መሀል የቡድኑ መሪ ወደ ፀጉር ሠሪዋ ጠጋ አለ፤ ከዓሣው ያልራቀች እሷ ብቻ ነበረችና።

«እሱን ወደ ውኃው መልሽው፣ የኔ እህት» አላት በሹክሹክታ። «ማንም ሳያይ።»

መንደሩ በሙሉና ሁለት መኪና እንግዳ እያየ ነበር።

ፀጉር ሠሪዋ አንሶላውን ከሾፌሩ ተቀበለች። ራሷን የታጠበች ደንበኛ በፎጣ እንደምትጠቀለል ዓሣውን ጠቅልላ አቀፈችው። ደረቷ ላይ ሲመታ፣ ያ ሁሉ ቅዳሜ ባንድ ጊዜ ገባት። ሐይቁ አልሞተም። አንድም ቀን ሞቶ አያውቅም። ባሏ ጥጃ የሚያሳልፍ መረብ ሲጥል፣ ዓሣው በሷ መቀስ በተከፈተ በር ሲገባና ሲወጣ ኖሯል። መንደሩ ግን «ዓሣ የለም» እያለ የበረዶ መኪና ይጠብቃል። ሊቀመንበሩን ልትንቅ ፈለገች፤ እሳቸውን ቀድማ እንደናቀቻቸው ትዝ አላት። ዛሬ የመናቅ ወረፋው የራሷ ነበር።

ወደ ውኃው አልሄደችም። በቤቷ ጀርባ ዞራ የልብስ ማጠቢያ ሳፋዋን ሞላችና ከተተችው።

ምሳ ላይ የመኪናው ዓሣ ተጠብሶ ቀረበ። የቡድኑ መሪ አጥንቱን እየመጠጠ «የሐይቅ ዓሣ እኮ ጣዕሙ ይለያል፤ ከተማ ውስጥ ይሄ የት ይገኛል?» አለ። ሁሉም ተስማማ።

ሲመሽ ሰሌዳው በመንደሩ መግቢያ ተተክሎ ነበር። ሊቀመንበሩ ወደ ፀጉር ሠሪዋ ደጅ መጡ፤ ድምፅ ማጉያውን እንደ ሕፃን ታቅፈዋል።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ እህቴ። ቤትሽ ተረፈ። እንግዲህ መረቡን እንደ ወትሮው ቅደጂው፤ ለቅዳሜ ይደርሳል።»

«ሐይቁ ዓሣ አለው እኮ ጋሼ።»

«ይኑረው! እኛ ምን አገባን? ዓሣ በመኪና ይመጣል።»

«መረቡ ካልተቀደደ ይይዛል።»

«እሱ ነው እኮ ችግሩ!» አሉ ሊቀመንበሩ፣ ከልባቸው ደንግጠው። «ዛሬ የሆነውን አላየሽም? ሰው ሊጎዳ ነበር!»

ሄዱ። ካፒቴኑ ከሰሌዳው ተመለሰ። ሁለት ጊዜ ሄዶ አይቶታል፤ ሁለተኛውን ጊዜ ኮፍያውን አስተካክሎ ነው የሄደው።

«አምሮብኛል አይደል?»

«ና እስቲ» አለችና ሳፋውን አሳየችው። ዓሣው ጠባቡን ውኃ እየዞረ ነበር። «ይሄንን እንዴት እንደሚያበስሉት ታውቃለህ?»

«መጀመሪያ በረዶው እስኪለቅ…» አለ ካፒቴኑ።

ፀጉር ሠሪዋ ሌላ ቀን ቢሆን እስኪደክማት ትስቅበት ነበር። «ነገ ጠዋት ጀልባዋን ታወጣለህ» አለችው።

«ነገ እኮ እሑድ ነው። ጎብኚ የለም።»

«አዎ፣ የለም።»

«ታዲያ ማን ያየኛል?»

ወደ ውስጥ ገብታ መቀሷን ይዛ ወጣች። ካፒቴኑ እንደ ቅዳሜ ማታ ልማዱ ሊያግዛት መረቡን ከጥግ አነሣና፣ ጠዋት የሰፋችው ቦታ ላይ ወጥሮ ያዘላት።

«መረቡን ተወው» አለችው። «በርጩማውን አምጣና ተቀመጥ።»

«ለምን?»

ፎጣውን በአንገቱ ዙሪያ ጣል አድርጋ ከኋላ ቋጠረችው፤ እጇ አልረሳም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰሌዳው ላይ እኮ…»

«ሰሌዳው ላይ ይቆይ» አለች፤ ፂሙን ከአገጩ ሥር ጨብጣ ያዘችው። «ቀና በል።»